ኮንዶሚኒየም ገብተው እድር ለሌላቸው

ዕጣ ቤት ያወጣል እንጂ ጎረቤት አያወጣም። ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ ቁልፍ የተረከበ ሰው ከላዩ፣ ከታቹና ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ አያውቅም። ካዛንቺስ ወይም አራት ኪሎ ላደገ ሰው ይህ ግር ይላል፤ እዚያ «የእነ እገሌ ቤት» ሲባል የሚያሳይ አይጠፋም ነበር፤ እዚህ ግን ሰው የሚታወቀው በብሎክና በቤት ቁጥር ነው። ደረጃ ላይ ሰላምታ አለ፤ ስም ግን ዓመት ሙሉ ሳይጠያየቁ መኖር ይቻላል።

ሮይ ባውማይስተርና ማርክ ሊሪ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ሰው ወገን እንዳለው እንዲሰማው ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ያለ ጠብ ደጋግሞ መገናኘትና ያ ግንኙነት ነገም እንደሚቀጥል፣ መተሳሰብም እንዳለበት ማወቅ። እድር ሁለቱንም በመተዳደሪያ ደንቡ ጽፎ፣ በቅጣት አስሮ ይዞታል። ስለዚህ አዲስ ሰፈር ለገባ ሰው መጀመሪያ የምመክረው እድር ነው። እድርን ገንዘብ ማጠራቀሚያ ብቻ ማድረግ ግን ራሱን ችሎ በሽታ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ።

በአካባቢው እድር ካለ መግባቱ ቀላል ነው። ጥበቃውን ወይም ባለሱቁን መጠየቅ ይበቃል፤ የእድሩ ዳኛ (ሰብሳቢው) የትኛው ብሎክ እንደሚኖር ያውቃሉ። ከመመዝገብ በፊት ግን ለቅሶ ሲኖር ሳይጠሩ መሄድ ይበጃል። ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መቀመጥ፣ ሲነሡ ወንበር ማቀበል። በማግስቱ ለምዝገባ ሲመጡ ጸሐፊው «ትናንት የነበሩት» ብሎ ይቀበላል።

የመግቢያ ክፍያው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ እድሩ 150 አባላት ኖረውት፣ ባንክ ያለው ገንዘብና ዕቃው ተገምቶ 600,000 ብር ቢሆን፣ የአንድ ሰው ድርሻ 4,000 ብር ነው። አዲሱ ገቢ ያንን ከፍሎ ከነባሮቹ እኩል የድንኳኑም የድስቱም ባለቤት ይሆናል። ብዙ ጊዜ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቀዳል፤ መጠየቅ ነው። ቅጹ ላይ የትዳር ጓደኛና ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የሁለቱም ወገን ወላጆች፣ ክፍለ ሀገር ቢኖሩም፣ በዚያው ቀን ይጻፉ። እድር ውስጥ ትልቁ ጠብ የሚነሳው ያልተመዘገበ ወላጅ ሲሞት ነው። ልጅ ሲወለድም ቅጹ ይታደስ።

የድሮውን ሰፈር እድር ወዲያው አይተዉ። አዲሱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የጥበቃ ጊዜ፣ ማለትም መዋጮ እየተከፈለ ለሐዘን ገንዘብ የማይሰጥበት ጊዜ፣ ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ መሐል ሐዘን ቢደርስ የሚመጡት የድሮዎቹ ናቸው። ርቆ ለቀብር መድረስ ካልተቻለ ግን ቅጣቱ ይጠራቀምና ስም ይሰረዛል። ደንቡ የሩቅ አባል የሚል አንቀጽ ካለው በጽሑፍ አመልክቶ መቆየት ይሻላል።

እድር ከሌለ ማቋቋም ነው፤ 30 ቤተሰብ ለመጀመር ይበቃል። መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት የቤት ባለቤቶችን ኮሚቴ ወደ እድር መቀየር ነው። ብዙ ባለቤት ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ ደረጃው ላይ በየቀኑ የምታዩት ተከራዩን ነው። አባልነት ለነዋሪው ሳይሆን ለቤቱ ካርታ ከተሰጠ ባዶ ስም ትሰበስባላችሁ፤ ተከራዩ ሲሞትበት ደግሞ ማን ይሂድ የሚል ክርክር ይነሳል።

መዋጮውን በግምት አትወስኑ። ለምሳሌ 120 አባላት ቢኖሩና በዓመት 3 አባል ወይም የትዳር ጓደኛ (ለእያንዳንዱ 20,000 ብር)፣ 6 ወላጅ (ለእያንዳንዱ 8,000 ብር) ይሞታል ብለን እንያዝ። 60,000 እና 48,000፣ በድምሩ 108,000 ብር። ለለፋፊና ለዕቃ ጥገና በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ብር ሲጨመር 144,000 ይሆናል። ለ120 ሰውና ለ12 ወር ሲካፈል በወር 100 ብር። የጥበቃው ጊዜ 6 ወር ከሆነ ቀድሞ 72,000 ብር ይጠራቀማል፤ የለፋፊውና የጥገናው 18,000 ቢወጣ እንኳ 54,000 ይቀራል፤ ሁለት ትልልቅ ሐዘን ቢደራረብ ያስችላል። ያለ ጥበቃ ጊዜ የጀመረ እድር በሁለተኛው ወር ካዝናው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሰው ይሸሻል።

ድንኳኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኮንዶሚኒየም ግቢ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ነው፤ ካስማ አይገባበትም። የብረት ቧንቧ ምሰሶ ያለው ድንኳን ይገዛና ለየምሰሶው አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ኮንክሪት ይሞላል፤ መሐሉ ላይ ምሰሶውን የሚቀበል ሰፋ ያለ ቧንቧ ይቆማል። ሳይደርቅ በውኃ ልክ ካልታየ ምሰሶው ያጋድላል። 6 በ8 ሜትር ድንኳን 60 ሰው ያህል ያስቀምጣል። በክረምት እርጥብ ሆኖ ከተጣጠፈ ይሻግታል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ ግምጃ ቤት አይገባም። ሌላው ደረጃው ነው። ሣጥን መታጠፊያው ላይ ካላለፈ አስከሬኑን በቃሬዛ አውርዶ ከታች ሣጥን ማስገባት ይቻላል፤ ይህን ግን በሐዘኑ ቀን ሳይሆን አስቀድሞ ለክቶ መወሰን ነው። ለፋፊው ከታች ቢጮህ አራተኛ ፎቅ መስኮት የዘጋ አይሰማም፤ ለየብሎኩ በር የሚያንኳኳ ተጠሪ ይመደብ። ሙስሊም አባል ካለ ደግሞ ቀብሩ አይቆይም፤ ጥሪው በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት። ድንኳንና ወንበር የጋራ ሆኖ የሥጋ ድስት ለየብቻ መሆኑን ደንቡ ላይ መጻፍ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

አሁን ወደ በሽታው። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ መዋጮ መሰብሰብ ቀሏል፤ በአንዳንድ እድር ግን የወሩ እሑድ ስብሰባም በዚያው ቀረ። ቀድሞ ሰው ደብተሩን ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንደለቀቀ ይሰማ ነበር። ያንን ሁለት ሰዓት እንደ ብክነት ያየ ኮሚቴ የእድሩን ዋና ሥራ ሰርዟል። ገንዘቡ በቴሌብር ይግባ፤ ስም ጥሪው ግን በአካል ይሁን። ከቀብር መቅረት 50 ብር ብቻ የሚያስቀጣ ከሆነ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ታሪፍ ይሆናል፤ ሥራ የበዛበት ሰው እየከፈለ ይቀራል። የመጀመሪያው 50፣ ሁለተኛው 100፣ ሦስተኛው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ምክንያት መስጠት ቢሆን ይሻላል። ሰውን የሚያመጣው ብሩ ሳይሆን «የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ እድሮችም ከዚህ አያመልጡም፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ውድ ስለሆነ ገንዘቡ እዚያ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ገንዘቡን ልኮ የሚቀር አባል የሐዘኑ ቤት በር ላይ አይታይም።

ከገንዘብ ይልቅ ሰውን የሚያቀራርበው ተራ ነው። አባላቱን በአሥር በአሥር ከፍሎ፣ ከተለያየ ብሎክ ቀላቅሎ፣ ድንኳን መትከልን፣ ንፍሮ ማብሰልን፣ ሌሊት ማደርን በተራ መስጠት። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ሦስት ሌሊት አብረው ያደሩ ሰዎች ደረጃ ላይ ሲገናኙ በስም ይጠራራሉ። አዲስ ገቢ ሁልጊዜ ከባዱ ተራ ይሰጠው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ቀላሉ ይሰጠው፣ ግን ካንድ ነባር ጋር።

በሠልስቱ ማታ ተረኞቹ ድንኳኑን አውርደው ዕቃውን ቆጥረው ያስረክባሉ። ብርጭቆ ሁልጊዜ ይጎድላል። ዕቃ ያዡ «ከ120ው 117» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስቱን ተረኞቹ አዋጥተው ይተካሉ፤ ሐዘንተኛው አይጠየቅም።