ዕቃ ከመግዛት በፊት፦ የትኛው ሲሊንደር ነው?

መኪናችሁ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ ሲሠራ) ስትንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ደግሞ እየተንገጫገጨች ጉልበት ስታጣ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ካንዴላ ቀይር" ነው፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰውን ማለት ነው። ካልተሻላት "ኮይሉንም ቀይር"፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን። ከዚያ ቤንዚን የሚረጨውን ኢንጄክተር ማጠብ ይመጣል። ይሄ ነገር ያናድደኛል። የመለዋወጫ ዋጋ እንዲህ ሰማይ ነክቶ፣ ጎንደር ላይ ያልተገኘው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪላክ እየተጠበቀ፣ በግምት ሁሉንም መቀየር ገንዘብ መበተን ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የትኛው ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት የሞተሩ ክፍል) እንደማይሠራ ነው።

የእኔዋ አሮጌ ቪትዝ ናት፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታስቸግር ጀመር። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ምንም አይታወቅም፣ ስመለስ ግን ዳገቱ ያደክማታል፤ ስትቆም ደግሞ መሪው ሳይቀር ይርገበገባል። መካኒኮች "በሦስት ነው የምትሠራው" የሚሉት ይሄን ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚዞረው በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ጊዜ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሲሊንደር ሲቀር ክፍተቱ በደንብ ይታወቃል። ነዳጅ ሲሰጠው ፍጥነቱ ይሸፍነዋል።

የቼክ ኢንጅን መብራቱም በራ። ዝም ብሎ ከበራ ቀስ ተብሎ ጋራዥ ይደረሳል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ፣ ቶሎ ጥግ ያዙ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ መውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ፣ ካታሊስት ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፣ ካታሊስቱ ከመጠን በላይ ግሎ ይበላሻል። የእሱ ዋጋ ደግሞ ከኮይል ጋር አይወዳደርም።

ኮምፒውተር ስትደረግ (በመመርመሪያ መሣሪያ ስትነበብ) ፒ 0302 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣች። ሁለተኛው ሲሊንደር ማለት ነው። ፒ 0301 አንደኛው፣ ፒ 0303 ሦስተኛው እያለ ይቀጥላል። ፒ 0300 ከሆነ አንዱን ለይቶ አልያዘም፣ ስለዚህ ሁሉንም የሚነካ ነገር ይፈለጋል፤ ነዳጅ፣ አየር፣ የመሳሰለው። ግን ልብ በሉ፣ ኮዱ የሚናገረው ስለ ሲሊንደሩ እንጂ ስለ ዕቃው አይደለም። የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚያየው የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ፍጥነት ነው፣ አንዱ ሳያቃጥል ሲቀር ለቅጽበት ዝግ ሲል ይይዘዋል። ካንዴላ ይሁን ኮይል ይሁን ኢንጄክተር እሱ አያውቅም።

መካኒኩ ወጣት ልጅ ነው፣ ጎበዝ። "ጋሼ፣ አራቱንም ኮይል እንቀይርና እንገላገል" አለኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ የሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር አቀያይረው አልኩት። አቀያየረው፣ ኮዱን አጠፋው፣ ትንሽ ዞር ዞር ብለን መጣን። ፒ 0303! ችግሩ ከኮይሉ ጋር አብሮ ሄደ። ባይሄድ ካንዴላውን፣ ቀጥሎም ኢንጄክተሩን በዚያው መንገድ እናቀያይር ነበር። ለዚህ ምርመራ አንድም ዕቃ አልተገዛም።

ያም ሆኖ ኮይል ገዝቶ መሄድ አይበቃም ነበር። ኮይሉ ሲወጣ ካንዴላው ላይ የሚሰካበት ጎማ በዘይት ርሷል። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ የሞተር ዘይት ተጠራቅሟል፣ ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጋስኬት (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው) ደርቆ ያሳልፋል ማለት ነው። አዲሱን ኮይል እዚያው ዘይት ውስጥ ብትከቱት እሱም ቀን ይቆጥራል እንጂ አይበረክትም። ጋስኬቱ አብሮ ተቀየረ፣ ጉድጓዱም ተጠረገ። ካንዴላ ባወጣችሁ ቁጥር ጫፉን እዩት፤ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አየር በዝቷል ወይም ከመጠን በላይ ግሏል፣ በቤንዚን ከረጠበ ደግሞ እሳት አልደረሰውም ይሆናል።

ሚኒሞ ላይ ብቻ ተንቀጥቅጣ ነዳጅ ሲሰጣት ጸጥ የምትል መኪና ሌላ ነገር ታስጠረጥራለች። ሞተሩ ላይ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ካለ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ሚኒሞ ላይ የሚያስፈልገው አየር ትንሽ ስለሆነ ያቺው ትርፍ ታውካዋለች። ብዙ ጊዜ ፒ 0171፣ ለቤንዚኑ አየር በዝቷል የሚለው ኮድ፣ አብሮ ይወጣል። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእጅ እያጠፋችሁ ፈትሹ፣ ስንጥቁ ሲታጠፍ ነው የሚታየው።

የኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) ነገር ግን እዚህ ከተማ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል፣ ግፊቱም ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ኮምፕረሽኑን 13 ባር ካለ እዚህ ጤነኛው ሞተር 10 አካባቢ ቢያነብ አይግረማችሁ። ይሄን ሳያስቡ "ሞተሩ ሞቷል፣ ይፈታ" የሚሉ አሉና አትደንግጡ። አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ። ሦስቱ 10 አንብበው አንዱ 6 ካለ ችግሩ እሱ ነው። ያኔ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ካላለ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ስለሚሆን ቴስታታው መውረዱ አይቀርም።