ለአንድ ቤት በወር ስንት? የሲያትልን የአልሚዎች ግብር ማበረታቻ ያሰላሁበት መንገድ

ሲያትል ለአፓርታማ አልሚዎች የምትሰጠው ትልቁ ማበረታቻ በምኅጻር ኤምኤፍቲኢ (ብዙ ቤት ላላቸው ሕንፃዎች የሚሰጥ የግብር ነፃነት) ይባላል፤ የተጀመረው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ለረጅም ዓመታት በሠራው ደንብ መሠረት አልሚው ከቤቶቹ 20 በመቶውን (በቂ ባለሁለት መኝታ ካልሠራ 25 በመቶውን) ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ ላላለፈ ሰው፣ ኪራዩን በዚያ ጣሪያ ልክ ወስኖ ያስቀምጣል፤ የመኖሪያ ሕንፃው በምላሹ ለ12 ዓመት ከንብረት ግብር ነፃ ይሆናል። ደንቡ በታደሰ ቁጥር የከተማው ካውንስል ፊት የሚሰማው «ቤት ይሠራልን» እና «ለባለሀብት ግብር አይተውለት» የሚል ሙግት ነው። ለምስክርነት ስዘጋጅ የያዝኩት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ለአንድ ርካሽ ቤት በወር ስንት ግብር ይቀራል፣ ከዚያስ ተከራዩ ጋ የሚደርሰው ስንት ነው?

ከረቂቅ ሕጉ ጋር የበጀት ማስታወሻና የካውንስሉ ባለሙያዎች ትንታኔ አብረው ይወጣሉ። ጊዜ የሌለው ሰው ትንታኔውን ብቻ ያንብብ፤ ካውንስሉ ሊወስንባቸው የሚገቡ አማራጮች ተዘርዝረው የሚገኙት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ ካውንቲ የንብረት ገማች ድረ ገጽ ላይ በሕንፃው ባለ10 አሃዝ የይዞታ ቁጥር ፈለግሁ። እዚህ ተሳስቼ ነበር፤ ጠቅላላውን ዋጋ ወሰድኩ። ነፃ የሚሆነው የመኖሪያ ሕንፃው ዋጋ ብቻ ነው። መሬቱና ምድር ቤት ያሉት ሱቆች ግብራቸውን ይከፍላሉ። መሬቱን ካልቀነሱ የአልሚው ጠበቃ ሙሉውን ክርክር በዚያች ስሕተት ይጥለዋል።

ለምሳሌ ያህል 100 ቤት ያለው ሕንፃ እንውሰድ። የሕንፃው ግምት 30 ሚሊዮን ዶላር፣ የግብሩ ልክ ከ1,000 ዶላር 9 ዶላር ይሁን። በዓመት የሚቀረው ግብር 270,000 ዶላር ነው። ለ20ዎቹ ርካሽ ቤቶች ሲካፈል በዓመት 13,500፣ በወር 1,125 ዶላር ይደርሳል።

አሁን ተከራዩ። የገቢ ጣሪያው በዓመት 86,000 ዶላር ከሆነ፣ ለቤት ይወጣል ተብሎ የሚታሰበው 30 በመቶው በወር 2,150 ነው፤ ለመብራትና ለውኃ 150 ሲቀነስ ኪራዩ 2,000 ይሆናል። አጠገቡ ያለው ተመሳሳይ ቤት 2,300 ከሆነ ቅናሹ 300 ነው። ግን ማስታወቂያ ላይ ያለውን ዋጋ ማመን አይገባም! ሕንፃው «አንድ ወር ነፃ» ካለ 2,300 በ11 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 2,108 ነው፤ ቅናሹ 108 ዶላር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ነፃ ወሩን ቀንሼ አሰላለሁ።

በሌላ በኩል፣ ማበረታቻው ባይኖር ሕንፃው ጭራሽ ላይሠራ ይችላል የሚለው መከራከሪያ እውነተኛ ነው፤ ወለድ ሲወደድ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። 1,125 እና 108ን ማነጻጸር ለዚህ መልስ አይሆንም። መልሱ የሚገኘው አልሚው ለባንክ ካቀረበው ሂሳብ ነው፤ ካውንስሉ ያንን እንዲጠይቅ መጎትጎት ያስፈልጋል።

የገቢው ጣሪያም የሚሰላው ከአንድ ሰፈር አይደለም። የመነሻው መካከለኛ ገቢ ሀብታሟን ጎረቤት ከተማ ቤልቪውን ጭምር የሚይዝ የሰፊ አካባቢ ነው። በሲያትል ሬይነር ቫሊ ሰፈር ለሚኖር የታክሲ ሾፌር ቤተሰብ «ርካሽ» የተባለው ኪራይ የማይደረስበት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስቱዲዮ የሚበዛበት ሕንፃም ሦስት ልጅ ላላት እናት አይጠቅማትም። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ይህንን ነው።

«ወጪው የከተማው ነው» ማለትም ልክ አይደለም። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ መሠረት ሕዝብ በድምፅ ተጨማሪ ካልፈቀደ በስተቀር የንብረት ግብር ገቢ በየዓመቱ ሊያድግ የሚችለው ቢበዛ በ1 በመቶና በአዲስ ግንባታ መጠን ነው። ነፃ ከተደረገው ግብር ከፊሉ ጭራሽ አይሰበሰብም፤ ከፊሉ ወደ ሌሎች ቤት ባለቤቶች ይዞራል። ጡረታ ላይ ያሉ የኛ አባቶችና እናቶች ሳያውቁት ይከፍሉታል።

ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 2 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ከሦስት ቁጥር በላይ አይችልም። ዘጠኙም የካውንስል አባላት በሚገኙበት የመጨረሻው ድምፅ ቀን መሄድ ዘግይቷል። ረቂቁ ገና ኮሚቴው ላይ እያለ ለሰብሳቢውና ለራስ ወረዳ ተወካይ የሚሻሻለውን አንቀጽ ቁጥርና አዲሱን ቃል ጽፎ መላክ ያስፈልጋል። «ፍትሕ ይሁን» የሚል ደብዳቤ ምስጋና ተቀብሎ ይቀራል፤ «20 የሚለው 25 ይባል፣ ግማሹ ባለሁለት መኝታ ይሁን» የሚል ግን የባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። በአማርኛ ለሚመሰክሩ እናቶች አስተርጓሚ ቀደም ብሎ ይጠየቅ፤ በዕለቱ ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ አይገኝም።