ዘጠነኛው እርከን፦ በበርን አካባቢ አንድ የውድድር ዘመን

በስዊዘርላንድ አምስተኛ ሊግ ቡድን አሠለጥናለሁ ስል፣ ሰው ሁሉ ከላይ አምስተኛው እየመሰለው ያከብረኛል። ክብሩን ባልጠላውም እውነቱ ሌላ ነው። ከላይ 12 ክለቦች ያሉት ሱፐር ሊግ አለ፤ ከሥሩ ቻሌንጅ ሊግ፣ ፕሮሞሽን ሊግ፣ አንደኛ ሊግ፣ ክልል አቋራጭ ሁለተኛ ሊግ፣ ከዚያ የየክልሉ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ፣ በመጨረሻም እኛ። ዘጠነኛው እርከን ላይ ነን። ከእኛ በታች ያለው ሣሩ ብቻ ነው።

ቡድኑ የአንድ መንደር ክለብ ሦስተኛ ቡድን ሲሆን የሚጫወተው በበርንና ጁራ የክልል ማኅበር ሥር ነው፤ በአገሪቱ እንዲህ ያሉ 13 የክልል ማኅበራት አሉ። አሠልጣኝነቱን የሰጡኝ የቀድሞው ሲለቅ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው። አናጺ፣ አብሳይ፣ አስተማሪ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኛና ተማሪ አሉኝ፤ ግማሾቹ የመንደሩ ልጆች፣ ሌሎቹ የፖርቱጋል፣ የኮሶቮ፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጆች ናቸው። የእኛዎቹ ጋሼ ይሉኛል፣ ስዊሶቹ በስሜ ይጠሩኛል።

በነሐሴ ስንጀምር ጭንቅላቴ በአሰላለፍ ዕቅድ ተሞልቶ ነበር። በዚህ እርከን ግን አሰላለፍን የሚወስነው የሥራ ፈረቃ ነው። አብሳዩ ቅዳሜ ማታ ምድጃ ላይ ነው፤ ሚስቱ አረጋውያንን የምትንከባከብ ተከላካዬ ደግሞ እሷ ተረኛ ስትሆን ልጆቹን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከታክቲክ ሰሌዳው በፊት የፈረቃ ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። ሁሉም የወሩን ፈረቃ አስቀድሞ ይልክልኛል፤ እኔም ማን መቼ እንደሚጎድል አውቄ ከሁለተኛው ቡድን ተቀያሪ እለምናለሁ። ጥሩ አጥቂ ከማግኘት ይልቅ በየሳምንቱ የሚመጣ መካከለኛ ተጫዋች ማግኘት ይሻላል። ይህንን ለማንም ወጣት አሠልጣኝ ደጋግሜ እላለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

ሌላው ጉዳይ እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት የሚደረግ ጨዋታ ነው። ለእኛ ልጆች ያ የቅዳሴ ሰዓት ነው። በሜዳችን ሲሆን ሰዓቱን የሚወስነው አስተናጋጁ ክለብ ስለሆነ፣ ጨዋታዎቻችን ቅዳሜ ማታ እንዲሆኑ ጸሐፊውን አሳመንሁ። ከሜዳ ውጪ ግን ተጋጣሚው ካልተስማማ የሚሆን ነገር የለም፤ ቅዳሴ ወይም ኳስ መምረጡን ለልጆቹ ተውሁት። ሁለተኛው ዙር በመጋቢት መጨረሻ ሲጀምር ደግሞ ሁዳዴ ውስጥ እንገባለን። ከጨዋታ በኋላ ሁሉም ቋሊማ ሲበላ ጿሚዎቹ ሻይ ይዘው ይቀመጡ ነበር። የክለቡን ቤት የምታስተዳድረው ሴት ነገሩን ስትረዳ የቲማቲም ስጎ ያለው ፓስታ መሥራት ጀመረች፤ ብዙም ሳይቆይ የማይጾሙትም እሱን ይጠይቁ ጀመር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በክልሎቹ ሊጎች ሰንጠረዥ ላይ በእያንዳንዱ ቡድን ረድፍ በቅንፍ የተቀመጠ ቁጥር አለ፤ የቅጣት ነጥብ ነው። ቢጫ ካርድ ነጥብ ያስቆጥራል፣ ቀይ ደግሞ ከዚያ የባሰውን። ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ የሚታየው የጎል ልዩነት ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው። ያነሰው ከላይ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ካርድ በገንዘብም ያስቀጣል፤ ሂሳቡ ለክለቡ ይመጣል፣ ገንዘብ ያዡም ፊቱን አጥቁሮ ወደ እኔ ይመጣል።

ልጆቼ ደግሞ አፋቸው ፈጣን ነው። በእኛ እርከን ዳኛው ብቻውን ነው የሚመጣው። ከጨዋታ ውጪ የሆነን ኳስ ከሃምሳ ሜትር ርቀት ሮጦ እየደረሰ መወሰን አለበት፤ ይሳሳታል፣ መሳሳቱም ግልጽ ነው። ግን ጮኸህ ያስቀየርከው ውሳኔ ኖሮ ያውቃል? ሕግ አወጣሁ፦ ዳኛውን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ ነው። በንግግር ቢጫ ያገኘ ወዲያው ይቀየራል፣ ቅጣቱን ከኪሱ ይከፍላል፣ የቡድኑን ማሊያም ቤቱ ወስዶ ያጥባል። ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራቸው ማሊያው ነበር። ጭቃ የበላ የበርን ማሊያ ምን እንደሚመስል ያየ ይረዳቸዋል።

ክረምቱን በአጭሩ ልለፈው። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሣሩን ይዘጋል፤ በትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ እየተጋጨን አሳለፍነው። በዚያ ወቅት ተጫዋቾቹን አብሮ ያቆያቸው ከልምምዱ ይልቅ የክለቡ ሥራ ነው፤ ለክለቡ ገቢ አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ሰበሰብን፣ በሎተሪ ምሽት መጠጥ አስተናገድን። ጀርመንኛው ያስቸግራቸው የነበሩ ልጆች ከመንደሩ ሰው ጋር የተዋወቁት ካርቶን ሲሸከሙ ነው።

በሰኔ ስንጨርስ ከአንድ የጎረቤት ቡድን ጋር በነጥብ እኩል ሆንን። እነሱ በጎል በጣም ይበልጡናል፤ በቅንፍ ያለው ቁጥራቸው ግን ከእኛ እጥፍ በላይ ነበር። ሦስተኛ ሆንን፣ እነሱ አራተኛ። አሠልጣኛቸው ደውሎ ‹‹ይህ ኳስ ነው ወይስ የሥነ ምግባር ፈተና?›› አለኝ። ሁለቱም ነው አልሁት። ሦስተኛ መውጣት ወደ አራተኛ ሊግ አያሳድግም፤ እኔ ግን ያን ቀን ዋንጫ የወሰደ ሰው ያህል ነው የጨፈርሁት።

ክለቦች እንደ ቡድኖቻቸው ብዛት ዳኛ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ የእኛም ክለብ አንድ ይጎድለው ነበር። ለዳኝነት ኮርሱ የተመዘገበው በውድድሩ ዘመን ማሊያ ከማንም በላይ ያጠበው አማካዬ ነው።