ጠያቂ

ጓደኛዬ በያጅ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ጅምር ፎቅ ላይ ሲሠራ ከእንጨት ርብራቡ ላይ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም። ያኑ ዕለት ማታ የሐረጎን ዳገት አውጥተው ደሴ አደረሱት። ሲቲ ስካኑ አንጎሉ ውስጥ፣ በግራ በኩል ከፊት፣ ደም መፍሰሱን አሳየ። እኔ ፒያሳ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቅርብ ያለሁት እኔ ስለሆንኩ አስታማሚነቱ ሳልጠየቅ ለእኔ ደረሰ።

ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን የንቃቱን መጠን ካርዱ ላይ 7 ብሎ ጻፈ። ከ10 መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ከ15 ነው» አለኝ።

ዓይን 4፣ ንግግር 5፣ እንቅስቃሴ 6። ምንም የማይመልስ ሰው እንኳ 3 አያጣም። 8 እና ከዚያ በታች ኮማ ነው። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቁጥር እንደ ኳስ ውጤት ስከታተል ከረምኩ። 7፣ 7፣ 8፣ እንደገና 7። 9 የገባ ቀን ለተረኛዋ ነርስ ቡና ይዤላት ሄድኩ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፣ ማለቂያ የለውም እንጂ። ጀርባው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ አለ። ምግቡ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው። አጥሚቱ ጓጉሎ ቱቦውን እንዳይዘጋው እናቱ በነጠላ ያጠልሉታል፤ እኔ መርፌ የሌለውን ስሪንጅ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፤ አጥሚቱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ገፋ ማድረግ የለም። ወደ ሳንባው እንዳይሄድም ራስጌው ከፍ እንዳለ ይቆያል። እናቱ የኮምቦልቻን ሙቀት ለምደው የደሴ ሌሊት አንቀጠቀጣቸው፤ ጋቢዬን እሳቸው ወሰዱት። ኮመዲኖው ላይ እናቴ በሃይላንድ የላከችው ጠበልና የእሳቸው መስገጃ ጎን ለጎን ነበሩ።

ከዚያ ደግሞ ጠያቂው አለ። ሰው በሰው ላይ ይመጣል፤ ሙዙ አልጋ ሥር ይከመራል። እንዲህ መሆኑ ደግ ነው። ግን ሁሉም አልጋው ላይ አጎንብሶ አንድ ፈተና ይፈትነዋል። «አወቅከኝ? እኔ ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ጥራ!»

ፊልም ላይ ሰውዬው ዓይኑን ይገልጥና «የት ነው ያለሁት?» ይላል። የእኛው በሦስተኛው ሳምንት ዓይኑን ሲገልጥ ማንንም አላየም። በኋላ ነቃ ሲል ቱቦውን ነቀለ፤ በደህናው በግራ እግሩ ወንድሙን ረገጠው። ድምፅ ሲበዛ ይብስበታል። ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ሕግ አወጣሁ፦ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ፣ «እኔ ማን ነኝ» ክልክል። አንድ አጎቱ «ሆስፒታሉ የአባትህ ነው?» ብለውኝ ሄዱ። እስካሁን ሰላምታችን ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ጠዋት እናቱ ውሃ በማንኪያ ወደ አፉ ሲያስጠጉ «ቢስሚላህ» አለ። ጥርት አድርጎ። ከጎን አልጋ ያሉ ሴትዮ እልል አሉ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ለእናንተ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም ነገር መልሱ እሱ ሆነ። እግርህን ያምሃል? ቢስሚላህ። መብራቱን ላጥፋው? ቢስሚላህ። ፊዚዮቴራፒስቷ አስረዳችን። ከልጅነት በአፍ የለመድነው ቃል አዲስ ዓረፍተ ነገር በምንሠራበት መንገድ አይመጣም። ለዚህ ነው ንግግር የጠፋበት ሰው ጸሎት፣ ቁጥር፣ ሰላምታ የሚተርፈው።

«ስድብስ?» አልኳት።

«ስድብም።»

በሁለተኛው ቀን ራሱ አረጋገጠልን፤ እናቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አንድ ማታ ሁሉም ሲሄድ እኔም የራሴን ሕግ ጣስኩ። «እኔንስ አወቅከኝ?» አልኩት። ብዙ አየኝ። «ቢስሚላህ» አለ።

ከሁለት ወር በላይ ተኝቶ ወጣ። ሐረጎን ስንወርድ ዓይኑን ጨፍኖ ግራ እጁ እጄን ጨምቆ ነበር። ኮምቦልቻ የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሞላ፣ ከዚያ ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። አልፈርድም፣ ሁሉም የራሱ ጣጣ አለበት። እኔ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን እዘጋና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እወርዳለሁ።

አሁን ይራመዳል፤ ቀኝ እጁ ኩባያ አይጨብጥም። ሲያናግሩት ይመልሳል፦ አዎ፣ አይ፣ በቃኝ። እሱ ግን ወሬ አይጀምርም። እንጀራው ፊቱ ቀርቦ፣ ርቦትም፣ «ብላ» ካልተባለ እጁን አይሰድም። እናቱ ያኮረፈ መስሏቸው ስንት ቀን አለቀሱ። ሐኪሙ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚጠፋው መነሳሳቱ ነው፣ ኩርፊያ አይደለም አላቸው። እንጃ ማመናቸውን።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ስምንተኛ ወሩ መሆኑ ነው፣ እናቱ ቡና እያፈሉ እኔ ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ማውራት ደክሞኝ ነበር።

«ሐረጎ… ጭጋግ ነው?» አለኝ።

የእናቱ እጅ ጀበናውን እንደያዘ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነበር።

«ድፍን ብሏል» አልኩት።

ትንሽ ቆየ።

«ታዲያ… እንዴት መጣህ?»