«ፔዳሉ ይከብዳል»

በጠረጴዛዬ ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሚዛን አለ። የተሠራው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ለሚቸረችር ሰው ነው። እኔ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ግን ከፔዳል በቀር የመዘነው ነገር የለም። በዚሁ ሚዛን ምክንያት አንድ ልጅ ቅልጥሙ ላይ ስድስት ስፌት ተሰፍቷል። ሚዛኑን አልወቅስም፤ የሰጠሁትን ሁሉ በትክክል መዝኗል።

የምሠራው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው በኩል፣ ለጎብኚ ብስክሌት በሚያከራይ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። 14 የተራራ ብስክሌቶች፣ 4 አስጎብኚ ልጆች፣ አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ ባለቤቷና እኔ፤ ይኸው ነን። ዕቃ መግዛት፣ መመዝገብና ማውጣት የእኔ ድርሻ ነው። ብስክሌት መንዳት በሥራ ድርሻዬ ውስጥ አልተጻፈም፤ ዳገቱን የምወጣውም በታክሲ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአስጎብኚዎቹ አንዱ በእጁ የጻፈውን የዕቃ መጠየቂያ አመጣልኝ። «ፔዳሉ ይከብዳል። ቀለል ያለ ቢገዛልን» ይላል። በቃል ስጠይቀውም ይህንኑ ደገመልኝ፤ በተለይ ከሱሉልታ ወደ ላይ ሲመለሱ እግራቸው እየዛለ ነው፣ እንግዶቹም ያማርራሉ። አልተጠራጠርኩም። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሯጮቻችን እዚያ ወጥተው የሚለማመዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ለለመደ ሰው እንኳ በሚከብድ ቦታ ላይ ጥቂት ግራም ቢቀነስ የሚጠላ አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ጥያቄውን ወደ ግዢ ቅጽ ስገለብጠውም በራሴ ቋንቋ አሳመርኩት፦ «ክብደቱ ዝቅተኛ፣ ዋጋው ተመጣጣኝ የሆነ ጠፍጣፋ ፔዳል፣ 14 ጥንድ»።

ሚዛኑን የገዛሁት ያን ጊዜ ነው። ከብስክሌቶቹ ጋር የመጣውን አሮጌ ፔዳል አስፈትቼ መዘንኩት፤ ጥንዱ 486 ግራም። ከዚያ ሚዛኔን በፌስታል ይዤ መርካቶ ገባሁ። የብስክሌት ዕቃ የሚሸጡት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ፔዳል እንደ ወርቅ ሲመዘን አይተው አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ግን አንዱ ከመደርደሪያው ጥግ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጠርዙ የተፈለፈለ የአሉሚኒየም ፔዳል አወጣልኝ። ስም የለውም። ሚዛኑ 262 አለ። ዋጋው ደግሞ ስም ካላቸው ፔዳሎች ሲሶ አይሞላም። «ከዚህ የሚቀል አታገኝም» አለኝ ሻጩ። እውነቱን ነው፣ ከዚያ የሚቀል አላገኘሁም።

ወር ሳይሞላ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ያው መጠየቂያውን የጻፈው ልጅ ሁለት እንግዶች ከኋላው አስከትሎ ቁልቁል ሲወርድ የቀኙ ፔዳል ከነእግሩ ተንሸራትቶ ወጣ። ፔዳሉ በሚታሰርበት የብስክሌቱ ክንድ ላይ የቀረው ራቁቱን የሆነ ዘንግ ብቻ ነው። እግሩ መሬት ሲፈልግ ዘንጉ ዞሮ ቅልጥሙን አገኘው። መንገዱ ላይ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ተነጥፎበት ነበርና ብስክሌቱም በጎኑ ተኛ። እንግዶቹ ምንም አልሆኑም። ልጁን በአቅራቢያው ባለ ክሊኒክ አሰፍተነው ማታውኑ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ጠዋት መካኒካችን ጋ ተጠራሁ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በብስክሌት ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። የዕቃ ስም ሲጠሩ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ዘንጉ ፔርኖ፣ የብሎን ጥርሱ ፊሌቶ፣ በብይ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ፣ ቅባቱ ግራሶ። ልጆቹ ደግሞ ከስልካቸው ያነበቡትን ይዘው ይመጣሉ። እኔ በመካከላቸው ቅጽ እሞላለሁ። ጋሼ የተረፈውን ዘንግ በሞርሳ አስረው፣ የወደቀውን አካል ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ።

«በስንት ገዛኸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ክብደቱስ?»

«262 ግራም» አልኩ። ያን ሁሉ ነገር አይቼም ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች።

«ቀላል ነገር ሲሰጡህ ምን ተቀንሶለት ነው የቀለለው ብለህ አትጠይቅም?»

ከዚያ ያሳዩኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ጠፍጣፋ ፔዳል ሦስት ነገር ነው፤ እግር የሚያርፍበት አካል፣ በክንዱ ላይ የሚታሰረው ፔርኖ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ኩሽኔታ። ክብደት የሚቀነሰው ከነዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። በእኛ ፔዳል ፔርኖው ውስጡ ተቦርቡሯል። በክንዱ በኩል ኩሽኔታ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ስስ የፕላስቲክ ቀለበት ተተክቷል። በውጩ ጫፍ አንዲት የምታሳዝን ኩሽኔታ አለች። አካሉን ከፔርኖው ጋር የሚይዘው ዳዶ ደግሞ ከቁመቱ ተቆርጦ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የነከሰው። ፕላስቲኩ ሲበላ አካሉ መወዛወዝ ጀመረ፣ ውዝዋዜው ዳዶውን ፈታው፣ ዳዶው ሲወጣ አካሉን የሚይዘው ነገር አልቀረም። ሌሎቹን 13 ጥንዶች በዚያው ቀን ፈታናቸው። በአምስቱ ላይ ዳዶው በጣት ይዞር ነበር። እንግዳ የሚጫንባቸው ብስክሌቶች ናቸው፤ ከእንግዶቻችን መካከል 100 ኪሎ የሚመዝን አለ።

ያ የተሰፋው ልጅ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ሲያሳየኝ የባሰ አፈርኩ። ሬስ ፌስ የሚባለው ኩባንያ ቼስተር በሚል ስም የሚሠራው ፔዳል በርካሽነቱና በቀላልነቱ የሚወደስ ነው፤ ጥንዱ ወደ 340 ግራም ይመዝናል። አካሉ ናይሎን ነው፣ ፔርኖው ግን ክሮሞሊ ከሚባለው ጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። ማለትም ክብደቱን ከአካሉ ላይ ቀነሱ እንጂ ፔርኖውን አልነኩም። ሺማኖ የሚባለው ሌላ ኩባንያ ጂአር500 ፔዳል በአሉሚኒየም ተሠርቶ ከ500 ግራም ያልፋል፣ ማንም አልሞተበትም። ከዚያ በታች ለመውረድ የሚፈልግ ፔርኖውን ቲታኒየም ያደርገዋል፤ ያኔ ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ብዙ ጊዜም የነጂው ክብደት ከዚህ አይለፍ የሚል ማሳሰቢያ ይከተለዋል። እንግዲህ ስሙን የሚጠብቅ ፋብሪካ 340 ላይ ያቆመውን እኔ በሲሶ ዋጋ 262 ላይ ሳገኘው ምን ነካኝ? ለምን አልደነገጥኩም? ያተረፍኩት በአንድ ብስክሌት 224 ግራም ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ማለት ነው። እያንዳንዱ አስጎብኚ በጀርባው ሁለት ሊትር ውኃ ይዞ ይወጣል።

ባለቤቷ የጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቁኝ። ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ሻጩን ከሰስኩ፤ አታሎናል፣ ጥራቱን ደብቋል፣ ገንዘቡ ይመለስ። ከማስገባቴ በፊት ለጋሼ አነበብኩላቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝና «ሰውየው ምን አለህ?» አሉ።

«ከዚህ የሚቀል አታገኝም አለኝ።»

«ታዲያ አልቀለለም?»

ከዚያ ልጁን ጠሩት። እያነከሰ መጣ። በጊዜያዊነት የተመለሰውን አሮጌውን ፔዳል እያሳዩ «ይከብዳል ያልከው ምኑ ነው?» አሉት።

«አይዞርም እኮ ጋሼ» አለ። «ስረግጠው እየተንቋቋ ነው። ጫማዬ ሥር ቆሞ ይቀርና እግሬን ያጣምመዋል።»

ጋሼ ፔዳሉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ሩብ ዙር ሄዶ ቆመ። ምንም አልተናገሩም። የጫፉን ክዳን በካቻቢቴ ፈነቀሉ፣ ዳዶውን ፈቱ፣ ብዮቹን ጣሳ ላይ አፈሰሱ። ከውስጡ ግራሶ ሳይሆን የዋልካ ጭቃ ነው የወጣው፤ ደርቆ እንደ ጡብ ሆኗል። በናፍጣ አጠቡት፣ አዲስ ግራሶ ሞሉት፣ ዳዶውን እንዳይላላም እንዳያንቅም አድርገው መለሱና እንደገና ገፉት። ዝም ብሎ ዞረ። ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠሬን ትቼ ሚዛኑን አመጣሁ፤ ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም። 486 ግራም። ግራሶው ሦስት ግራም ጨምሮበት 489 ነበር፣ ልክ ለመናገር።

ስለ ሚዛን የተናገረ ሰው አልነበረም። አማርኛችን ለሚመዘነውም ለሚያደክመውም አንድ ቃል ነው የሰጠን። ፈተና ይከብዳል፣ ኃላፊነት ይከብዳል፣ ጆሮ ይከብዳል። ጆሮው ከብዶታል የተባለ ሰው ዘንድ ሚዛን ይዞ የሄደ የለም። ቀላልም እንዲሁ ነው። ልጁ «ቀለል ያለ» ሲል ለእግር የማያስቸግር ማለቱ ነበር፤ እኔ ግራም አደረግሁት፣ በቅጹ ላይም ግራም ብዬ አስፈረምኩበት።

ግራሶውስ የት ሄደ? ይህ ክፍል ለእኔ ከስፌቱ በላይ ያቃጥላል። በሐምሌ የሱሉልታ ጭቃ አላስወጣ ሲል ብስክሌት በግፊት ውኃ የሚያጥብ ማሽን አስገዝቼ ነበር፤ ምስጋናም ተጽፎልኛል። ልጆቹ በየማታው አፈሙዙን ቀጥታ ፔዳሉና ካቴናው ላይ ደግነው ያጥባሉ። ውኃው ግራሶውን ገፍቶ አስወጣ፣ ጭቃውን በቦታው አስገባ። ማብራሪያዬን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ፤ ይኸኛው ግማሽ ገጽ አልሞላም።

ከ14ቱ አሮጌ ጥንዶች 10ሩ ታጥበውና ግራሶ ተሞልተው ዳኑ። ግዢው የአንድ ቆርቆሮ ግራሶ ነበር። አራቱ ግን ብዩ የሚሽከረከርበት ብረት ተበሳስቶ ስለነበር አዲስ መግዛት ነበረብን። ሁለተኛውን ግዢ ጋሼ ራሳቸው አብረውኝ ሄዱ። ሚዛኑን ይዤ ስነሳ ምንም አላሉም፤ በኪሳቸው ግን ማግኔት ይዘው ነበር። ፔርኖው ላይ ያስጠጉታል፤ ካልያዘ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ዋጋ ቲታኒየም አይሆንማ። ቀጥለው ፔዳሉን በእጃቸው ወደ ጎን ይወዘውዙታል። ከዚያ የጫፉን ክዳን ከፍተው ዳዶው ስንት ጥርስ እንደነከሰ ያያሉ። ሻጩ ቢቆጣም ግድ የላቸውም። ክብደት ያሉት መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱንም እኔን ደስ ለማሰኘት ይመስለኛል። የናይሎን አካል፣ የብረት ፔርኖ፣ በየገጹ ጫማ የሚነክሱ አጫጭር ሹል ብሎኖች፤ ጥንዱ 372 ግራም። ናይሎኑን ርካሽ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ድንጋይ ሲመታው እንደ አሉሚኒየሙ ከመያዝ ይልቅ ማንሸራተቱን ያየሁት በኋላ ነው። ብሎኖቹ ከወዲያኛው ገጽ የሚገቡ ናቸው፤ ጫፋቸው ድንጋይ ቢጨፈልቀው እንኳ ራሱ ስለማይነካ በቀላሉ ተፈትተው ይለወጣሉ።

የመጠን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሊያሳስተኝ ነበር። የተራራ ብስክሌት ክንድ ፊሌቶው 9/16 ኢንች ነው፤ ክንዱ ከነመካከሉ አንድ ወጥ ብረት በሆነባቸው የልጆች ብስክሌቶች ላይ ግን 1/2 ኢንች ነው። ሳጥኑ ተመሳሳይ ነው፣ ልዩነቱ በዓይን አይያዝም፤ ትልቁን በትንሹ ቀዳዳ በጉልበት የሚያስገባ ክንዱን ይጥለዋል።

የግራው ፔዳል በግራ እንደሚጠብቅ ደግሞ የትኛውም አዲስ ሠራተኛ በራሱ ላይ ሳይደርስበት አያምንም። በየዙሩ የእግር ጫና ፔርኖውን በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከፔዳሉ አዟዟር በተቃራኒ ቀስ በቀስ ያንከባልለዋል፤ ስለዚህ የግራው ፊሌቶ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ተፈትቶ ይቀር ነበር። ጋሼ ይህን ሁሉ አያብራሩም። የ15 ቁልፉን ይሰጡህና «ሁለቱንም ወደ ብስክሌቱ ፊት አጥብቅ፣ መጀመሪያ ግራሶ ቀባ፣ መጀመሪያ በእጅህ» ይላሉ። በዚህ ዓመት አንድ ክንድ ብቻ ነው የተበላብን፤ የበላሁት እኔ ነኝ። የማሽኑ አፈሙዝ አሁን ከጎማና ከጭቃ መከላከያ አያልፍም፣ ፔዳል በብሩሽ ነው የሚታጠበው።

እነዚያ 14 ጥንድ ጥቁር ፔዳሎች በጆንያ ታስረው ከመደርደሪያዬ ሥር ተቀምጠዋል። ባለቤቷ ይሸጡ ብለው ነበር፤ ለማን እንደምሸጥ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ያው ልጅ መጣ። ቅልጥሙ ላይ ጠባሳው እንደ ዚፕ ተጋድሟል። «የሰባት ቁጥሩ ጎማ ይከብዳል» አለኝ። እጄ ወደ ሚዛኑ ሄዶ ነበር። ተነሥቼ ብስክሌቱን ከእጁ ተቀበልኩና በግቢው ውስጥ ራሴ ወጣሁበት፤ ልጆቹ በራፍ ላይ ቆመው እየሳቁ ነበር። ሁለት ዙር ሳልሞላ ወረድኩ። የኋላው ፍሬን ጎማውን ይዞታል።