ሳይቀመስ የወጣው ፍርምባ

እስካሁን ሲነሣብኝ ሆዴን የሚቆረጥመኝ አንድ ማንኪያ መረቅ አለ። እኔ አልቀመስኩትም። ሌላም ሰው አልቀመሰውም። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

በፈረንጅ 2017፣ ማርች 17 ነው። የቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ የአየርላንዶች በዓል። በኛ መጋቢት 8። ቀኑ ዓርብ ዋለ፤ ሁዳዴ ከገባ አራተኛ ሳምንታችን። ያኔ ቦስተን ውስጥ አንድ የአይሪሽ መጠጥ ቤት፣ ፐብ የሚሉት፣ እሠራ ነበር፤ ማድ ቤት ውስጥ ከሼፉ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። ፐብ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ምን እንደሚመስል አይጠይቀኝም። ለማያውቅ ደግሞ፣ ጥምቀትና የደሞዝ ቀን አንድ ላይ ሲውሉ ማለት ነው። ሰው ገና በጠዋቱ አረንጓዴ ኮፍያውን ደፍቶ በር ላይ ይሰለፋል።

የሚታዘዘው ምግብ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ኮርንድ ቢፍ ከጥቅል ጎመን ጋር። በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ የከረመ የበሬ ፍርምባ ነው። ከነጨው ውሃው በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ይከፈታል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ሦስት ሰዓት ያህል በቀስታ ይፈላል። ሥጋው ሲወጣ በዚያው መረቅ ድንቹ፣ ካሮቱ፣ መጨረሻ ላይ ጎመኑ ይገባል። ስሙ ላይ ያለው «ኮርን» በቆሎ እንዳይመስላችሁ። የእህል ፍሬ የሚያህል ጨው ነው፤ ድሮ ሥጋው የሚታሸው በሱ ነበር።

ይህን የነገሩኝ ባለቤቱ ናቸው። አየርላንድ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮርንድ ቢፍ አይወዱም። «እናቴ ቤት ይሄ ነገር ገብቶ አያውቅም» ይላሉ። እዚያ ጎመን የሚበላው ከአሳማ ጋር ነው። አሜሪካ የገቡት ድሆች የለመዱት አሳማ ሲወደድባቸው፣ ከአይሁድ ሥጋ ቤት ርካሹን ፍርምባ እየገዙ ከጎመን ጋር ቀቀሉት። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ «የአባቶቻችን ምግብ» አሉት። ሽማግሌው አይከራከሩም፤ ይሸጣሉ። አረንጓዴ ቀለም ጠብ የተደረገበት ቢራ በፊታቸው ሲያልፍም ዝም ይላሉ። ጊነስ በሚባለው የአየርላንድ ጥቁር ቢራ ውስጥ ያን ቀለም የሚጨምር ሰው ግን በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሳቸው ልጅነት አየርላንድ ውስጥ በዚህ ቀን መጠጥ ቤት ሁሉ ዝግ እንደነበርም አጫውተውኛል፤ በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ነዋ።

ያን ጠዋት ካፖርታቸው ላይ ማገጥ የመሰለች ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ሰክተው መጡ። ፓትሪክ ሥላሴን ያስተማረባት ናት ይባላል። እኔ የፍርምባውን ላስቲክ እየቀደድኩ መታጠቢያው ውስጥ ደርድሬ፣ ውሃ ልከፍት ነው።

«እኛ በፀሐይ ነው የምንማረው» አልኳቸው። «ክበቧ፣ ብርሃኗ፣ ሙቀቷ።»

ቆሙ። ወሬ ይወዳሉ፤ ቀንም አይመርጡ። ፓትሪክ የአየርላንድ ሰው እንዳልነበረ፣ በ16 ዓመቱ ከብሪታንያ ተማርኮ ባሪያ እንደሆነ፣ ስድስት ዓመት በግ ጠብቆ እንዳመለጠ፣ በኋላ ጳጳስ ሆኖ ወደ ማረኩት ሰዎች እንደተመለሰ ነገሩኝ።

«የኛውን አባት ታሪክ ነው እኮ የሚያወሩት» አልኩ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ከጢሮስ ነው የመጡት። በልጅነታቸው ተማርከው አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። በኋላ እስክንድርያ ጳጳስ ተብለው ተሹመው ተመለሱ። አባ ሰላማ እንላቸዋለን።»

ትንሽ አሰቡ። «እባብስ አባረዋል?» አሉኝ። ፓትሪክ የአየርላንድን እባብ ጠራርጎ ባሕር ከቷል ነው የሚባለው።

«እሳቸው እንኳ አላባረሩም። ሌላ አባት አሉን፣ አቡነ አረጋዊ። ደብረ ዳሞ ዙሪያው ገደል ነው፣ መውጫ የለውም። ዘንዶ ነው ተሸክሞ ያወጣቸው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «እኛ አባረርነው» አሉ። «እናንተ ሊፍት አደረጋችሁት።»

እስከ ዛሬ አውቶቡስ ላይ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ቀንም ስቄ ስቄ እንባዬን እየጠረግኩ ስዞር መታጠቢያው ባዶ ነው። ሥጋው ድስት ገብቷል፤ እሳቱ ተለኩሷል።

ያስገባው ማድ ቤት አብሮን የሚሠራው የሳልቫዶሩ ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራ አያሳድርም። ሥጋውን መታጠቢያ ውስጥ ስላገኘው እኔ ያጠብኩት መስሎታል። እኔ ደግሞ ሳወራ እሱ ያጠበው መሰለኝ። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ሦስት ሰዓት አለፈ። በመሃሉ የሶዳ ዳቦውን አቡክቼ ጋገርኩ። እርሾ የለውም፤ ዱቄት፣ ሶዳ፣ ጨውና አሬራ ነው። ከላዩ በቢላ መስቀል ይደረግበታል። እሱንም አልቀመስኩትም፣ አሬራ አለበት። ግን አምሮ ነው የወጣው። ይህን የምናገረው በኋላ ስለ ጨው የተወራውን ሁሉ የሰማ ሰው እጄን እንዳይጠራጠር ነው።

ሼፉ የትልቁን ድስት ክዳን ከፍቶ በማንኪያ መረቅ ቀዳና ወደኔ ዘረጋ።

«ቅመሺው።»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ዛሬ እኮ ተፈቅዷል።»

ውሸት አይደለም። በዓሉ የጾም ዓርብ ላይ ስለዋለ የቦስተኑ ካርዲናል ካቶሊኮች ሥጋ እንዲበሉ ፈቅደው ነበር።

«ካርዲናሉ የኔ አይደሉም» አልኩ።

«ያው አምላክ አንድ ነው።»

«አምላክስ አንድ ነው። የኛ ጾም ግን 55 ቀን ነው።»

ማንኪያዋ ወደ ሳልቫዶሩ ልጅ ዞረች። እሱ ካቶሊክ ነው፤ ፈቃዱም ለሱ የወጣ ነው። ማንኪያዋን አየ፣ ሼፉን አየ። «ካርዲናሉ አያቴን አያውቋትም» ብሎ ወደ ሳህኖቹ ተመለሰ።

እንግዲህ የቀረው ሼፉ ራሱ ነው። እሱ ደግሞ ሥጋ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ኮሌስትሮል። ሐኪሙ ከልክሎታል፤ መረቅም አይነካም። ይህን የሚያወራው እንደ ገድል ነው። የሐኪም ጾም ጾም ነው፤ የኔና የልጁ ጾም ግን ሥራ ማስተጓጎል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። ባልውጠው ይሻል ነበር።

በሱ ፋንታ የባሰ ነገር ተናገርኩ። «ስጠኝ፣ አሽትቼ አውቀዋለሁ» አልኩ።

እናቴ በሁዳዴ ሳትቀምስ ነበር የምትሠራው። ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን እንፋሎት ታሸትና «ጨው ይቀረዋል» ትላለች። ስንበላው ልክ ነው፤ ስታ አታውቅም። እኔም ፊቴን እንፋሎቱ ላይ ደፋሁ። ቅጠሉ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ሰናፍጩ ሸተተኝ። ቀና ብዬ እንደ አዋቂ «ልክ ነው» አልኩ።

በእናቴ ድስት ውስጥ ጨዉን የምትጨምረው ራሷ እናቴ እንደነበረች ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ይሄኛው ጨው ከፋብሪካ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነው የመጣው። ጨው ደግሞ አይሸትም።

ድንቹ ገባ። ካሮቱ ገባ። ጎመኑ ገባ። ሁሉም ያንን መረቅ ጠጡ።

የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች እንደወጡ አስተናጋጇ ብቅ ብላ «ውሃ ውሃ ይላሉ» አለች። ቀጥላ ሁለት ሳህን መለሰች። ሼፉ ከመመለሻው ሳህን ካሮት አንሥቶ ቀመሰና ፊቱ ተለወጠ። ሽማግሌው ሲመጡ «እሷ ናት፣ ጾም ላይ ስለሆነች አልቀመሰችም» አላቸው። በሰው ሁሉ ፊት። ስለ ኮሌስትሮሉ ትንፍሽ አላለም። እኔም ዝም አልኩ፤ ውሸት አልተናገረማ፣ ግማሹን ነው የተናገረው።

ሌላ ሥጋ የለንም፣ ጊዜም የለንም። ድንቹን ባልተነካ ውሃ ሌላ ቀቀልን፣ ሥጋውን በሙቅ ውሃ እያለቀለቅን በስሱ ቆረጥን፤ ያው ጨው ነው።

ከሳህኑ ይልቅ የሚታየው ባንኮኒው ነበር። ጊነስ በችኮላ አይቀዳም። ብርጭቆው ዘንበል ብሎ ሦስት አራተኛው ይሞላል፣ ይቀመጣል፣ አረፋው ወደ ላይ እስኪወጣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው የሚሞላው። ኩባንያው 119.5 ሴኮንድ ብሎታል። ባንኮኒው ላይ ግማሽ የተቀዱ ጥቋቁር ጃምቦዎች በሰልፍ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከኋላቸው ደግሞ የኔ ሥጋ ያቃጠለው ሕዝብ። በመሃሉ ቀጂው ማድ ቤት መጥቶ «ምንድን ነው ያበላችኋቸው?» አለን። በርሜል ሊለውጥ ወደ ምድር ቤት እየሮጠ ነው። ባዶውን ሲነቅል የሚመጣው ሽታ የጠላ ገብስ ሲቆላ ያለውን ይመስላል፤ የጊነስም ጥቁረቱ ከተቆላ ገብስ ነው። በሌላ ቀን ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን እሱም ጨው ጨው ሸተተኝ።

ማታ ሒሳቡ ተዘጋ። ሽማግሌው ወረቀቱን ይዘው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ያን ያህል በርሜል በአንድ ቀን ሸጠው አያውቁም። በቀጥታ ሄደው የሼፉን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«ሥጋውን ምን እንዳደረግከው አላውቅም፤ ግን ጥሩ አደረግክ» አሉት።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ቀን ላይ ጨዉ የኔ ነበር። ማታ የሱ ሆነ።

እኔ የመጨረሻውን ድስት እየፈገፈግኩ ነበር። ሽማግሌው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው «ደህና እደሪ፣ ለዘንዶው ሰላም በይልኝ» አሉኝ። ሳቅሁ። ላለመሳቅ ሞክሬ ነበር።

በዓመቱ በዓሉ ቅዳሜ ዋለ፤ ያው ሁዳዴ ላይ ነን። ገና ሳይነጋ ገባሁ። የቀኑ የሥራ ዝርዝር በሼፉ እጅ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከላይ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፣ «ፍርምባው አይታጠብ» ይላል።

ማንም አልመጣም። ቀዝቃዛውን ውሃ ከፈትኩና አንድ በአንድ አጠብኩት።