በዲርፊልድ የአንድን ሰፋሪ የመሬት ማኅደር ፈልጌ ያገኘሁበት መንገድ

ከምኖርበት ከኦሮራ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተነድቶ፣ በኮሎራዶ ዌልድ ካውንቲ ከአውራ ጎዳና 34 ዳር፣ ያረጁ ጥቂት የእንጨት ቤቶች ይታያሉ። ቦታው ዲርፊልድ ይባላል። ኦሊቨር ቱሳንት ጃክሰን በ1910 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለጥቁር አሜሪካውያን ገበሬዎች የመሠረተው መንደር ነበር። በመጀመሪያው ክረምት (በዚያ አገር የብርድና የበረዶ ወራት ነው) ከሰፈሩት ሰባት ቤተሰቦች አብዛኞቹ በድንኳንና ኮረብታ ተቆፍሮ በተሠራ መጠለያ እንዳሳለፉ ካነበብኩ በኋላ፣ ከሰፋሪዎቹ የአንዱን ኑሮ ከመንግሥት ሰነድ ላይ ለማውጣት ተነሣሁ።

ሕጉን ሳያውቁ ሰነዱን ማንበብ አይቻልም። አብርሃም ሊንከን በ1862 የፈረመው የሆምስቴድ ሕግ፣ አምስት ዓመት ለኖረበትና ላለማው ሰው፣ በጥቂት ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ ይህም በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ዝናብ አጠር ለሆኑ አካባቢዎች በ1909 መጠኑ ወደ 320 ኤከር ከፍ አለ፤ በ1912 ደግሞ የነዋሪነቱ ዘመን ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ አለ።

ፍለጋውን የጀመርኩት በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በካውንቲና በስም ነው። ያገኘሁት እኛ አገር ካርታ የምንለውን የባለይዞታነት ማረጋገጫ ሲሆን፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ስም፣ ቀንና የመሬቱ አቀማመጥ ተጽፎበታል። አቀማመጡ የሚነገረው በታውንሺፕ፣ በሬንጅና በሴክሽን ነው። አንድ ታውንሺፕ ስድስት ማይል በስድስት ማይል ሆኖ በ36 ሴክሽኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ነው። ሬንጅ ደግሞ ታውንሺፑ ከመነሻ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስንተኛ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሬንጁን ቁጥር በአንድ አሳስቼ በማንበቤ ግማሽ ቀን ሙሉ ስድስት ማይል ርቆ በሚገኝ የሌላ ሰው አጥር ዙሪያ ተንከራተትኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በእጄ ጽፌ ከቀያሾቹ ፕላን ጋር ሳላመሳክር ከቤት አልወጣም።

ዋናው ነገር ግን ካርታው ሳይሆን ማኅደሩ ነው። በካርታው ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ይዤ ከዋሽንግተኑ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቅጂ አዘዝኩ፤ ከሳምንታት በኋላም ደረሰኝ። ሰፋሪው ካርታውን ለማግኘት በሞላው የመጨረሻው የምስክርነት ቅጽ ላይ ቤቱ 12 በ14 ጫማ፣ በርና ሁለት መስኮት ያለው መሆኑ፣ ስንት ኤከር እንደታረሰና በቆሎውና ባቄላው በየዓመቱ ምን እንደሰጠ ተመዝግቧል። ሁለት ጎረቤቶችም ለእውነተኛነቱ ፈርመዋል። ከመሬቱ ርቆ የቆየበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ ለተጠየቀው፣ ሰፋሪው ለቀለብና ለዘር የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ክረምት ክረምት ዴንቨር በቀን ሥራ እንዳሳለፈ መልሷል። ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት፤ በነጻ ተሰጠ የሚባለው መሬት ምን ያህል የሰው ጉልበት እንደበላ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ከሥራው የተማርኩት ትልቁ ነገር ድረ ገጹ የሚያሳየው ካርታ የያዙትን ብቻ መሆኑ ነው። በመላ አገሪቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ካርታ ቢያገኙም፣ ተመዝግበው በድርቅ ወይም በገንዘብ እጦት የተዉት ብዙ ናቸው፤ የእነርሱን ማኅደር ለማግኘት ግን የየአካባቢውን የመሬት ቢሮ መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ዲርፊልድም ቢሆን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋ ሲወድቅና ድርቁ ሲጠና ቀስ በቀስ ተራቆተ።

ሌላው ስህተቴ ታሪኩን ከምዝገባው ቀን መጀመሬ ነበር። ያ መሬት በ1851 የፎርት ላራሚ ውል የአካባቢው ቀደምት ነዋሪዎች የሆኑት የሻየንና የአራፓሆ ሕዝቦች ይዞታ መሆኑ ታውቆ ነበር፤ በ1861 የፎርት ዋይዝ ውል አብዛኛው ተወሰደባቸው፤ በኅዳር 1864 መጨረሻ ደግሞ ሳንድ ክሪክ በተባለ የኮሎራዶ ቦታ የአሜሪካ ወታደሮች ከእነዚሁ ሕዝቦች ከ150 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። አሁን የሁለቱን ውሎች ቅጂ አትሜ ከሰፋሪው ማኅደር የመጀመሪያ ገጽ በፊት አስገብቻቸዋለሁ።